ዋግ ኽምራ የአእምሮ ሐኪም ሲፈልግ

በአማራ ክልል ዋግ ኽምራ ዞን፣ ከአበርገሌ ወይም ከዝቋላ ቆላ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ሰቆጣ የሚወጣ ቤተሰብ፣ በቃሬዛ የያዘው ሰው ወባ የጣለው ወይም እግሩ የተሰበረ ከሆነ መድረሻውን ያውቃል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው፤ ካልሆነም ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል። የታመመው አእምሮ ሲሆን ግን መንገዱ ይምታታል። ሌሊቱን ሲንጎራደድ የሚያድር፣ ሌላ ሰው ለማይሰማው ድምፅ መልስ የሚሰጥ፣ ጎረቤቶቹ መርዝ ሊያበሉት እንደዶለቱ አምኖ እናቱ ያቀረበችለትን እንጀራ የሚገፋ የሃያ ዓመት ወጣት ያለበት ቤት አስቀድሞ ጠበል ይሞክራል። ሳይሻለው ሲቀር ዐዋቂ ይፈለጋል፤ ፍየል ተሽጦ ራቅ ወዳለ ሌላ ጠበል ይኬዳል። ልጁ በጨለማ ወጥቶ ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይመታ በገመድ፣ ሲብስም በሰንሰለት ይታሰራል። የሚያስሩት ጠላቶቹ ሳይሆኑ ወላጆቹና ወንድሞቹ ናቸው፤ ሌላ ያዩት መላ ስለሌለ ነው የሚያስሩት። ይህ በገጠር ኢትዮጵያ በየአካባቢው የሚደጋገም ታሪክ ነው። ሆስፒታል የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ፣ የሚሸጥ ፍየልም ትዕግሥትም ካለቀ ወዲያ ነው።

ያኔ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የአእምሮ ሐኪም የት አለ? የብዙዎች መልስ «አማኑኤል ይወሰድ» የሚል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ ስሙ ከሕመሙ ጋር አንድ ሆኖ በሕዝቡ አፍ ቀርቷል። ለሰቆጣ ሰው ግን አማኑኤል ማለት የቀናት መንገድ፣ የሁለት አስታማሚ ስንቅ፣ በማያውቁት ከተማ የአልጋ ኪራይ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቢኬድ እንኳ በየወሩ አይመላለሱበትም፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ደግሞ አንድ ጊዜ ታክሞ የሚረሳ ሳይሆን እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ለረጅም ጊዜ ክትትል የሚፈልግ ነው። ስለዚህ «ለዋግ ኽምራ ሐኪም ይመደብልን» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እኔ የምለው ግን ሐኪሙ እስኪመጣ ሁሉም ነገር ይቆይ ማለት ሰው የሚያስከፍል ስሕተት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ምሥጢር አይደለም። አብዛኛውን ክፍል ዛሬ በዞኑ ውስጥ ያሉት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሐኪሙ ከኋላቸው ከቆመ፣ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ፣ በሽተኛውም የሚበላው ካላጣ።

በቁጥር እንየው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የዋግ ኽምራ ነዋሪ ከ426 ሺህ በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የአእምሮ ጤና አትላስ መሠረት በኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ለአንድ ሚሊዮን ሰው ቢካፈሉ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ስለዚህ ሐኪሞቹ በመላ አገሪቱ በፍትሐዊነት ቢከፋፈሉ ኖሮ እንኳ ለዞኑ ሙሉ አንድ ሰው አይደርሰውም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አድጓል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የሚሠሩት በአዲስ አበባና የሕክምና ትምህርት ቤት ባለባቸው ከተሞች ነው። ሐኪሞቹ ለምን እንዲህ አነሱ ቢባል፣ አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በቅርቡ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን የከፈተው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ ይማራል፤ የተማረውም ሁሉ አይመለስም። አንድ ሐኪም ለሰቆጣ ቢመደብ እንኳ ፈቃድ ይወጣል፣ ይታመማል፣ ይዛወራል። በእርሱ ብቻ የቆመው አገልግሎትም አብሮት ይሄዳል።

ታዲያ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚሠራው ምንድን ነው? ሰዎች ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ያምታቱታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው በንግግርና በምክር የሚያክም ሲሆን፣ መድኃኒት አያዝም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ግን ከሁሉ በፊት ሐኪም ነው፤ እንደ ማንኛውም ዶክተር አጠቃላይ ሕክምናን ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ለዓመታት በአእምሮ ሕመም ላይ የሠለጠነ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ደግሞ «ይህ የአእምሮ ሕመም ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጠየቅ ነው። የሚቀባዥር ሰው ወደ አንጎል የወጣ ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ታይፎይድ፣ የማጅራት ገትር፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የእንቅርት እጢ መዛባት፣ በቅርቡ ያቋረጠው አረቄም ሊሆን ይችላል። የወለደች ሴት በሳምንት ውስጥ ብትለወጥና ሕፃኗን ብትፈራ፣ ትኩሳቷን ሳይለኩ «ዛር ነው» ወይም «ሳይኮሲስ ነው» ማለት ሁለቱም ያው ጥፋት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሙቀት ይለካል፣ ደም ያስመረምራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጦ የሚያወራው።

ወሬውም ተራ ወሬ አይደለም። ለእናትየው «እናቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» ይላል። እንቅልፉን፣ አበላሉን፣ በቤቱ እንዲህ ያመመው ሌላ ሰው መኖሩን ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ ሳይሳለቅና ሳይከራከር፣ ድምፁ ምን እንደሚለው፣ ራሱን እንዲጎዳ አዞት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይከታል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አይደግፉም፤ የሚያሠጋው ሳይጠየቅ የቀረው ሰው ነው። ሐኪሙ ልጁ አለባበሱን እንዴት እንደያዘ፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ፣ ንግግሩ ከሐሳብ ወደ ሐሳብ እንዴት እንደሚዘል ያስተውላል። በአእምሮ ሕክምና ይህን የመጠየቅና የማስተዋል ሥራ የሚተካ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም፤ ለዚህም ነው ሙያው ጊዜና ጆሮ የሚፈልገው።

ቀጥሎ መድኃኒት ይመጣል፤ በገጠር ሕክምና ብዙ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት በብዛት ከሚገኙት አንዱ ሃሎፔሪዶል ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ድምፁንም ጥርጣሬውንም ያቀዘቅዛል። ነገር ግን በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ወደ አንድ ጎን ሊጠመዝዝ፣ ያበጠ እስኪመስል ምላስን ሊያወጣ፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ልጁን ሰቆጣ አሳይታ ቤቷ የተመለሰች እናት በሦስተኛው ቀን ይህን ብታይ ምን ትላለች? «ክኒኑ አጋንንቱን አስቆጣው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ያንን ክኒን ማንም አያስውጠውም። ባለሙያ ያየው እንደሆነ ግን ነገሩ የሚታወቅ ጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በመርፌ ወይም «አርቴን» በሚባለው ክኒን ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። እዚህ ላይ በሽተኛውን ያተረፈው ከሐኪሙ ማዕረግ ይልቅ እቤት ከመሄዳቸው በፊት የተነገራቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «አንገቱን ቢጠመዝዘው አትደንግጡ፤ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አምጡት።» ያንን ዐረፍተ ነገር ጤና መኮንን ሊናገረው ይችላል፤ ማስታገሻውም ጤና ጣቢያ ሊቀመጥ ይችላል።

«ይህማ ለድሃ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና መስጠት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ስፔሻሊስት ሲያየው የዋግ ሰው ለምን በነርስ ይታከማል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ከጉራጌ ምድር እናገኘዋለን። በቡታጅራ አካባቢ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬንያ የተገኘባቸው ከሺህ ሰው አምስት ገደማ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም። ያ መጠን በዋግ ቢሠራ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት በየ100 ሺህ ሰው መካከል 500 ያህሉ ይህ አንዱ ሕመም ብቻ አለባቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው አካባቢ ተመራማሪዎች የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን አሠለጠኑ፤ ከባድ ሕመም ያለባቸውንም ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን በሆስፒታል በአእምሮ ጤና ነርስ ሲታከም፣ ሌላው በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ታከመ። እ.ኤ.አ. በ2022 «ላንሴት ሳይካትሪ» ላይ የወጣው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና ከሆስፒታሉ እንደማያንስ አሳየ። በዚያው አካባቢ በሶዶ ወረዳ አገልግሎቱ በጤና ጣቢያዎች ከተጀመረ በኋላም በአንድ ዓመት ውስጥ ታስረው ያውቁ የነበሩት በሽተኞች ድርሻ ከአራት አንድ ወደ አሥር አንድ ገደማ ወርዷል።

ይህን ማስረጃ ከሚገባው በላይ መለጠጥ ግን አይገባም። ጤና ጣቢያው የተወዳደረው ከነርስ ጋር እንጂ ከስፔሻሊስት ሐኪም ጋር አይደለም። በእነዚህ ጥናቶች ሠራተኞቹን የሚከታተል፣ ሲቸገሩ የሚጠይቁት ልዩ ባለሙያ ከበላያቸው ነበር። ክትትሉ ቢነሣ ሥልጠናው በወራት ውስጥ ይተናል፤ ሠልጣኙም ይዛወራል። ለዚህ ነው የሥነ አእምሮ ሐኪሙን ለዋግ አያስፈልግም የማልለው። ሊቲየም ለሚወስድ በሽተኛ ደሙን እያስለካ መጠኑን የሚያስተካክል፣ ሁለት መድኃኒት ተሞክሮለት ያልተሻለውን የሚያይ፣ ነፍሰ ጡር በሽተኛ ላይ ቫልፕሮኤት እንዳይታዘዝ የሚያስጠነቅቅ እርሱ ነው። ነርሱ ስልክ ደውሎ «ዶክተር፣ ይሄኛው ግራ ገባኝ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። የሐኪሙን አንድ ቀን በ30 በሽተኛ ከመጨረስ ይልቅ፣ እያንዳንዳቸው 30 የሚያዩ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን በማብቃት ማዋል ለዋግ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይልም ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የአማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ነርሶችን አሠልጥኗል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር ሆኖ በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ባለሙያዎችን አፍርቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመጣ ነው፤ «ይህ የመንፈስ ጉዳይ ነው፤ ክኒን ምን አገባው?» ይላል። ዋግ የአብያተ ክርስቲያናት አገር ነው፤ ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቆሟል። ጠበልን ያጣጣለ ሐኪም በዚህ አገር በሽተኛ አያገኝም፤ ባያጣጥለውም ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጠበል ቦታ የተጨነቀ ሰው ብቻውን ያልሆነበት፣ የሚጸለይለት፣ የሚጎበኝበት ቦታ ነው። የሚያጣላው ነገር አንድ ነው፤ «ጠበል የሚጠጣ መድኃኒት አይውሰድ» የሚለው ትእዛዝ። ይህንን በኤች.አይ.ቪ. አይተነዋል። ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሄዱ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱም ጠበሉም አብረው እንዲወሰዱ በግልጽ ተናገሩ። ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው የሚለው ትምህርት ለሃሎፔሪዶልም ይሠራል። የሰቆጣ ካህናት ይህን ከመድረክ ቢናገሩት አንድ ሙሉ ክሊኒክ ከሚያደርገው በላይ ያደርጋሉ። ከጤና ሠራተኛውም የሚጠበቅ አለ፤ በጠበል ቦታ የታሰረውን፣ ሲጾም የከሳውን ሰው በትሕትና ሄዶ ማየት፣ አጥማቂውን እንደ ባልደረባ ማናገር።

በዋግ ከሁሉ የሚከብደው ግን ረኀብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው አካባቢው የድርቅና የምግብ እጥረት መታወቂያ ስለሆነ ነው። «ሕዝቡ ሳይበላ ስለ አእምሮ ሕክምና ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎትን በኃይል ይከፍታሉ። በቡታጅራ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚተዉ ሲጠየቁ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። በዚያው አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ቤት ሲሶው ገደማ በከባድ የምግብ እጥረት እንደሚሠቃይ፣ ይህም ከጎረቤቶቻቸው እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ሕመሙ አራሹን ከእርሻው ያስቀረዋል፤ አስታማሚውንም አብሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ በዋግ መድኃኒት ብቻ ማዘዝ የተጠናቀቀ ሕክምና አይደለም። በሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ የአእምሮ ሕመምተኛው ቤት መግባቱን፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መመዝገቡን መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው።

በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121ዱ ሞተዋል፤ ያለ ዕድሜያቸው የተቀጩት በአማካይ ሦስት አሥርት ዓመታት ቀድመው ነው። ሰዎች ራስን ማጥፋትን ይጠብቁ ይሆናል፤ እርሱም ነበረበት፤ ግማሽ ያህሉን የገደለው ግን ተላላፊ በሽታ ነው። ማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚያክመው በሽታ ማለት ነው። «ያበደ» የተባለ ሰው ሲያስለው ማንም ደረቱን አያዳምጥለትም፤ ሲያተኩሰው ትኩሳቱን ማንም አይለካለትም። የአእምሮ ሕክምናን ከጤና ጣቢያው ለይቶ ሩቅ ከተማ ማስቀመጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ይህ ቁጥር ይናገራል።

ጦርነቱ ደግሞ ሌላ ሸክም ጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉ ብዙዎች ወደ ሰቆጣ ዙሪያ መጡ። በክልሉ በርካታ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ በኮረምና በአላማጣ በኩል ወደ ወልድያ የሚያወጣው መንገድ ሲዘጋ በየጊዜው ክኒን የሚቀበል ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ተቋረጠበት። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ፊኖባርቢታል በድንገት መቋረጥ ለሞት የሚያደርስ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። የሚጥል በሽታም በአገራችን በብዛት የሚታከመው በእነዚሁ የአእምሮ ክፍሎች ነው። እንዲህ ሲሆን «መላው ሕዝብ ታሟል፤ ለማን ሐኪም ይበቃል?» የሚል ተስፋ መቁረጥ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ስሌቱ በግጭት ውስጥ ካለፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም እንደሚኖርበት፣ መካከለኛ ወይም ከባድ የሆነባቸው ግን ከመቶ ዘጠኝ ገደማ እንደሆኑ ገልጿል። ሐዘን፣ ቅዠት፣ መባነን ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ለብዙው ሰው የሚበቃው ቤቱ መመለስ፣ ዕርሻውን ማግኘት፣ ሙታኑን በሥርዓት መቅበርና በዕድሩ መካከል ማልቀስ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ በሙያቸው የሥነ አእምሮ ሐኪም ናቸው፤ ከኤርትራ ተፈናቅለው አዲስ አበባ መጠለያ የገቡ ኢትዮጵያውያንን ባጠኑበት ሥራቸው የሰዎቹ ጭንቀት ካሳለፉት መከራ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚያገኙት ማኅበራዊ ድጋፍና ከአኗኗራቸው ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ሐኪሙ እዚህ ላይ የሚጠቅመው ሐዘንተኛውን ከበሽተኛው ለመለየት ነው፤ ለአንዱ ዘመድ ይበቃዋል፤ ሌላው መድኃኒት ካላገኘ ይጠፋል።

ለዋግ ልዩ የሆነው አንድ ነገር ቋንቋ ነው። በዞኑ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በኽምጣና ነው፤ አማርኛ ገበያ ላይ የሚበቃው ሰው ሁሉ ሰው እየተከታተለው እንደሚመስለው በአማርኛ ሊያስረዳ አይችልም። መሣሪያው ንግግር ለሆነ ሙያ ይህ ትንሽ ችግር አይደለም። በሽተኛው የሚያፍርበትን ነገር በወንድሙ አስተርጓሚነት አይናገርም፤ ወንድሙም ያሳፈረውን ቆርጦ ይተረጉማል። ከሩቅ የሚመጣ ስፔሻሊስት ይህን ክፍተት ብቻውን አይሞላውም። ኽምጣና የሚናገሩ የሰቆጣና የደሃና ልጆች በአእምሮ ጤና ሠልጥነው ወደ ቀያቸው እንዲመለሱ ማድረግ፣ ከማንኛውም ምደባ ይልቅ ዘላቂ ይመስለኛል።

እስከዚያው ድረስ ቤቱ የታመመ ሰው ያለበት ምን ያድርግ? ሰቆጣ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሆስፒታሉ ነው፤ ካርድ ክፍል ላይ «የአእምሮ ክፍል» ብሎ በድፍረት መጠየቅ፣ በወረዳው ጤና ጣቢያም በአእምሮ ጤና የሠለጠነ ሰው እንዳለ ማጣራት። ነገሩ ከነርሱ በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይጻፋል፤ ልዩ ሐኪም ከሚገኝባቸው መካከል በጎንደርና በባሕር ዳር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ከመሄድ በፊት ስልክ አስደውሎ ሐኪሙ በየትኛው ቀን እንደሚያይ ማረጋገጥ የብዙ ቀን እንግልት ያድናል። ከዚህ በፊት የተወሰደው ክኒን ባዶ ማሸጊያው ቢሆንም ይያዝ፤ በሽተኛውን ከታመመ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሂድ፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ አስቀድሞ ይታሰብበት። ሐኪሙንም ሳያፍሩ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ሊያደርገው ይችላል፣ በስንት ጊዜ ለውጥ እንጠብቅ፣ ካለቀ ሰቆጣ ይገኛል ወይ፣ ከሌለስ የሚገኝ አቻ አለ ወይ? ራሱን ሊያጠፋ እንደሚፈልግ የተናገረ፣ ለቀናት ያልበላና ያልጠጣ፣ ወይም ከወሊድ በኋላ በድንገት የተለወጠች እናት ግን ለቀጠሮ አይቆዩም፤ በዚያው ዕለት በድንገተኛ ክፍል ይታያሉ።